ማን እያባረረህ ነው?

ማታ ማታ ለአባቴ መጽሐፍ አነብለታለሁ። የጀመርነው ዐይኑ ፊደል መለየት ሲያቅተው ነው። እሱ ወንበሩ ላይ ደገፍ ይላል፣ እኔ አጠገቡ ቁጭ ብዬ ኤሌክትሮኒክ የንባብ መሣሪያዬን እከፍታለሁ፣ ካቆምንበት እንቀጥላለን። ባለፈው ሰሞን ከእነዚህ ምሽቶች በአንዱ አንዲት ነገር ሆነች። ለሌላ ሰው ባወራት “ታዲያ ምን አለበት?” ሊለኝ ይችላል። እኔን ግን ይኸው ሳምንታት አለፉ፣ ከሐሳቤ አልወጣ አለችኝ።

የምናነበው ወፍራም የቤተሰብ ልብወለድ ነው፤ ሦስት ትውልድ የሚያካልል፣ ሰው የሚበዛበት። ምዕራፉን ስጀምር ከስክሪኑ ግርጌ፣ ግራ ጥግ ላይ፣ በደቃቅ ፊደል ምዕራፉ ሊያልቅ 6 ደቂቃ እንደቀረው ተጽፏል። ድምፄን አውጥቼ ማንበብ ጀመርኩ። ሁለት ገጽ ገልጬ ዐይኔን ወደ ግርጌው ጣል ሳደርግ 8 ደቂቃ ይላል። አንድ ገጽ ጨመርኩ፤ 9 ሆነ። በሄድኩ ቁጥር መንገዱ ይረዝምብኛል። ምክንያቱን ዐውቃለሁ፤ መሣሪያው የሚገምተው ገጽ የምገልጥበትን ፍጥነት እያየ ነው፣ ለሰው ማንበብ ደግሞ ለራስ በዐይን ከማንበብ ይዘገያል። እያወቅሁም አንደበቴ ፈጠነ። የቃላቱን መጨረሻ እየዋጥኩ፣ ማረፊያዎቹን እየዘለልኩ ቁጥሩን ወደ ታች መግፋት ያዝኩ። 7 ሲል ደስ አለኝ።

“ልጄ” አለኝ አባቴ። ዐይኑን ጨፍኖ ነበር። “ማን እያባረረህ ነው?”

እሱ ቁጥሩን አያየውም። የሰማው ድምፄን ብቻ ነው፤ ድምፄ ውስጥ ግን ቁጥሩ ነበረ።

አቆምኩ። ከአንቀጹ መጀመሪያ ልነሣ ስል ሌላ ጥያቄ አስከተለ። “ታላቅየዋ ደብዳቤውን የደበቀችው ወንድሟ ሳይታመም ነው ከታመመ በኋላ?”

አሰብኩ። ደብዳቤው ትዝ ይለኛል። የት እንደደበቀችው፣ ፖስታው በእጇ ላብ እንደረጠበ ሁሉ ትዝ ይለኛል። የወንድሟም ሕመም ትዝ ይለኛል። የቱ እንደቀደመ ግን ጠፋኝ። እነዚያን ምዕራፎች በገዛ አንደበቴ ያነበብኩት እኔ ነኝ፤ ያውም ሳምንት አልሞላቸውም። “ከታመመ በኋላ መሰለኝ” አልኩ።

“አይደለም። ሳይታመም ነው” አለ። “ሳይታመም ባትደብቀውማ አሁን እንዲህ ባልፈራችው ነበር።”

ወደ ኋላ ተመልሼ አየሁት። ልክ ነበር።

## ገጽ የሌለው መጽሐፍ

ይህን ስል መሣሪያውን የምጠላ እንዳይመስላችሁ። ብዙ ዓመት አብሮኝ ኖሯል። ወረፋ ስጠብቅ፣ መንገድ ላይ፣ እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ፣ ድሮ ባክኖ ይቀር የነበረውን ጊዜ ወደ ንባብ የመለሰልኝ እሱ ነው። በስልክ ማንበብና በዚህ ማንበብ አንድ የሚመስላቸው ሰዎች አሉ። አንድ አይደለም። ስክሪኑ “ኢ-ኢንክ” የሚባል ኤሌክትሮኒክ ቀለም ነው። ስፋታቸው የፀጉር ውፍረት ያህል የሆነ እልፍ ደቃቅ እንክብሎች አሉት፤ በየእንክብሉ ውስጥ ተቃራኒ የኤሌክትሪክ ሙል ያላቸው ነጭና ጥቁር ብናኞች ይንሳፈፋሉ። ኤሌክትሪክ ሲነካቸው ነጩ ወደ ላይ ጥቁሩ ወደ ታች፣ ወይም በተቃራኒው ይሄዳሉ፤ ፊደሉ የሚሣለው በዚህ ነው። አንዴ ከተሣለ ቀጣዩ ገጽ እስኪመጣ ኃይል አይጠይቅም። ባትሪው ሳምንታት የሚቆየውም ለዚህ ነው። ማታ በስክሪን ማንበብ እንቅልፍ ይነሣል ለማለት ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው እ.ኤ.አ. የ2014 ጥናት እንኳ 12 ሰዎችን ብርሃን በሚያመነጭ ታብሌት እያስነበበ ነው የፈተነው፤ ኢ-ኢንክን አይመለከትም። በዚህ በኩል የሚሰነዘረው ወቀሳ ያለ ቦታው የገባ ይመስለኛል።

እኔ ያጣሁት ሌላ ነገር ነው፤ መኖሩን ያወቅሁትም ከጠፋ በኋላ ነው። በሃርድ ኮፒ ያነበብኩትን አንድ ነገር ስፈልግ የሚመራኝ እጄ ነበር። ግራ ገጽ ላይ፣ ወደ ታች፣ መጽሐፉ ከግማሽ ትንሽ አለፍ ሲል፣ ከአጭር ንግግር ቀጥሎ። ቃሉን እረሳለሁ፣ ቦታውን አልረሳም። ይህ የእኔ ብቻ ልማድ አይደለም። ኧርነስት ሮትኮፍ የተባለ የሥነ ልቦና ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1971 ባሳተመው ጥናት፣ ሰዎች አስታውሱ ሳይባሉ ያነበቡት ነገር ገጹ ላይ በየትኛው በኩል እንደነበረ በአጋጣሚ ከሚመታ ግምት የተሻለ እንደሚያውቁ አሳይቷል። ቦታ ሳንጠራው ከትርጉሙ ጋር ተጣብቆ ይገባል ማለት ነው።

አንድ ወዳጄ እናቱን ባጣ ጊዜ የምለው ጠፍቶኝ አንድ አንቀጽ ልልክለት ፈለግሁ። ያነበብኩት በመሣሪያው ነው፤ የልጅን ሐዘን እንደዚያ አድርጎ የገለጸ አላየሁም። ሰርች ማድረጊያው ላይ “ሐዘን” ብዬ ጻፍኩ። ከአርባ በላይ ውጤት መጣ። አንድ በአንድ ከፈትኳቸው፣ የለም። “እናት” ብዬ ጻፍኩ፤ ይሄማ ማለቂያ አልነበረውም። “ሞት”፣ “ለቅሶ”፣ “ናፍቆት”። የለም። ተስፋ ቆርጬ በራሴ ቃል ጻፍኩለት። ወራት ቆይቶ መጽሐፉን ለሌላ ጉዳይ ሳገላብጥ ድንገት ዐይኔ ላይ ወደቀ። አንቀጹ ውስጥ “ሐዘን” የሚል ቃል አንድም ጊዜ የለም። ስለ ጫማ ነው የሚያወራው። በር ሥር እንደተቀመጠ ስለቀረ፣ ማንም ሊያነሣው ስላልደፈረ አንድ ጥንድ ጫማ።

ሰርች የሚያገኘው ቃል ነው። እኔ የያዝኩት ደግሞ ስሜቱን ነበር። ወረቀት ቢሆን ኖሮ እጄ ወደ ቀኝ ገጽ፣ ወደ ላይ፣ መጨረሻው አካባቢ ይዞኝ ይሄድ ነበር። እዚህ ግን ገጽ የለም። ኪንድል የሚባለው የአማዞን ኩባንያ የንባብ መሣሪያ እ.ኤ.አ. በ2007 ለመጀመሪያ ጊዜ ሲወጣ የገጽ ቁጥር እንኳ አልነበረውም፤ በምትኩ “ሎኬሽን” የሚባል ረጅም ቁጥር ነበረ፤ ከታተመው መጽሐፍ ጋር የሚዛመድ የገጽ ቁጥር የተጨመረው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ፊደሉን ስታተልቀው ጽሑፉ ይፈስሳል፣ ከገጽ ወደ ገጽ ይሸጋገራል። ግራ ላይ የነበረው መሐል ይመጣል፣ ከላይ የነበረው ወደሚቀጥለው ያልፋል። ውኃ የዕቃውን ቅርጽ እንደሚይዝ ጽሑፉም የተቀመጠበትን ይመስላል። ውኃ ላይ ደግሞ ምልክት አይተከልም። በገጽ ፋንታ ታዲያ ቁጥር ተተካልን። ይህን ያህል በመቶ አንብበሃል፤ ይህን ያህል ደቂቃ ቀርቶሃል።

## እጁ ላይ ምንም ያልነበረው ሰው

ያን ማታ አባቴ ከተኛ በኋላ ስለዚህ ጉዳይ የተጻፈውን ሳገላብጥ አመሸሁ። አኔ ማንገን የተባለች የኖርዌይ ተመራማሪ ከባልደረቦቿ ጋር እ.ኤ.አ. በ2019 ያሳተመችው ጥናት አለ። 50 ሰዎች ሃያ ስምንት ገጽ ያህል የሚሆን አንድ ረጅም ታሪክ አነበቡ፤ ግማሾቹ በወረቀት፣ ግማሾቹ በኪንድል። ሲጠየቁ በአብዛኛው ጥያቄ እኩል ሆኑ። ማን ምን እንዳደረገ ሁለቱም ወገኖች ያውቃሉ። የተለያዩት ነገሮቹ መቼና በምን ቅደም ተከተል እንደሆኑ ሲጠየቁ ነው፤ እዚያ ላይ በወረቀት ያነበቡት በለጡ።

ይህን ሳነብ ደብዳቤው ፊቴ ላይ ድቅን አለ። ደብዳቤውም አለኝ፣ ሕመሙም አለኝ፣ መሐላቸው ያለው ክር ነው የጠፋኝ። የሚሰጠው ማብራሪያም አሳማኝ ነው። ወረቀት ስታነብ የግራ እጅህ ላይ ያለው ይወፍራል፣ የቀኙ ይሳሳል፤ ታሪኩ የት እንደደረሰ ጣትህ ሳይጠየቅ ይቆጥራል። በመሣሪያው ላይ የመጀመሪያው ገጽና የመጨረሻው ገጽ ክብደታቸው አንድ ነው።

እፎይ አልኩ። ጥፋቱ የመሣሪያው ሆነልኝ። ብዙም ሳልቆይ ግን አንድ ነገር አላስቀምጥ አለኝ። አባቴስ? እሱ እጁ ላይ ምን ነበረው? ወረቀት አልያዘም፤ ስክሪንም አልያዘም። የሚወፍር ግራ፣ የሚሳሳ ቀኝ የለውም። ከእኔ አፍ የሚወጣ፣ እንደወጣ የሚጠፋ ድምፅ ነው የነበረው። ከውኃም የባሰ፣ ነፋስ ነው። ቅደም ተከተሉን የያዘው ግን እሱ ነው።

በዚህ ላይ ብዙ አሰብኩ። እሱ ያለው፣ እኔ የሌለኝ ምንድን ነው? ማስታወስ ብቻ ከሆነ በዕድሜ እኔ እሻል ነበር። ቀን ቀን ምን እንደሚያደርግ ልብ ማለት ጀመርኩ። ብቻውን ሲቀመጥ ታሪኩን ያመላልሰዋል። አንዳንዴ ምሳ ሰዓት ላይ ድንገት “ያ ሰውዬ ግን ዝም ያለው ፈርቶ ሳይሆን አፍሮ ነው” ይለኛል፤ ስለ ማን እንደሚያወራ ለማወቅ ጊዜ ይፈጅብኛል። እሱ ከምሽት እስከ ምሽት መጽሐፉ ውስጥ ነው የሚውለው። እኔ መሣሪያውን ስዘጋ መጽሐፉም ይዘጋል። ስከፍተው ካቆምኩበት መስመር ላይ ያስቀምጠኛልና የት እንደነበርኩ ማስታወስ የእኔ ሥራ መሆኑ ቀርቷል። ከዚያ ዐይኔ በቀጥታ ወደ ግርጌው ይወርዳል፤ ስንት ቀረ?

ፓብሎ ዴልጋዶ የተባለ ተመራማሪና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጡት ሌላ ሥራ 54 ጥናቶችን አንድ ላይ መርምረዋል፤ በድምሩ ከ170,000 በላይ ሰዎች የተካፈሉባቸው ናቸው። በጥቅሉ በወረቀት ያነበቡት ከስክሪን አንባቢዎች የተሻለ ተረድተዋል። እኔን ያስቆመኝ ግን ዝርዝሩ ነው። ትረካ ብቻ በተነበበባቸው ጥናቶች ልዩነት አልተገኘም። ልዩነቱ ጎልቶ የወጣው ደግሞ አንባቢው የጊዜ ገደብ ሲጣልበት ነው።

የጊዜ ገደብ። ከዚህ ላይ ብዙ ቆየሁ። ለአባቴ ልብወለድ ሳነብ የጊዜ ገደብ የጣለብኝ ማን ነው? ማንም። ፈተና የለብኝም፣ መጽሐፉን መልስ የሚለኝ የለም። ግርጌው ላይ ያለችው ቁጥር ግን ሳትናገር ገደብ ትሆናለች። ይህ ግምት እ.ኤ.አ. ከ2012ቱ የኪንድል ሞዴል ጋር ሲመጣ እኔም ወድጄው ነበር፤ ከመተኛቴ በፊት ይህን ምዕራፍ እጨርሳለሁ ወይስ አልጨርስም የሚለውን ይመልስልኛል። ቀስ በቀስ ግን ጥያቄዬ ሁሉ እሱ ሆነ። መጽሐፍ ስመርጥ ስንት ሰዓት ይፈጃል ብዬ ማየት ለመድኩ። ረጅሙን ትቼ አጭሩን ማንሣት ለመድኩ። ናሙናውን በነፃ አውርጄ ጀምሬ የተውኩት ስንት እንደሆነ ቤት ይቁጠረው። በጣም ውብ የሆነ ገጽ ላይ ደርሼ እንኳ፣ ቆም ማለት ሲገባኝ፣ “ሁለት ደቂቃ ነው የቀረው” ብዬ ያለፍኩባቸው ጊዜያት አሉ። ይህን ስጽፍ ይቆጨኛል። የአባቴን ጥያቄ ለራሴ ጮክ ብዬ ደገምኩት። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባል የለ። ያነበብኩት ሁሉ ያልጠበቀው ለካ ሮጬ ስለታጠቅሁት ነው።

## መሳቢያው ውስጥ የነበረው

አባቴ የራሱ የንባብ መሣሪያ አለው። ዐይኑ መድከም ሲጀምር የገዛሁለት እኔ ነኝ። የወረቀት መጽሐፍ በመነጽርም በአጉሊ መነጽርም እምቢ ብሎት ንባብ ካቆመ ወራት ሆነውት ነበር። መሣሪያውን ሰጥቼው ፊደሉን ወደ መጨረሻው ሳተልቅለት ዝም ብሎ አየው። ከዚያ ጣቱን አንዱ ፊደል ላይ አስቀመጠና “ይቺ እኮ ትታየኛለች” አለ። ያን ማታ መብራት ሲያጠፋ እኩለ ሌሊት አልፎ ነበር። እሱም ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት አነበበበት፤ ዐይኑ ጨርሶ እስኪከለክለው ድረስ።

ከዚያች ምሽት በኋላ መሣሪያውን ከመሳቢያ አወጣሁት። ባትሪው አልቆ ነበር፤ ቻርጅ ላይ ሰክቼ ጥቂት ጠበቅሁ። ሲከፈት ያቆመበት ገጽ መጣ። ፊደሎቹ ግዙፍ ናቸው፤ በአንድ መስመር ሦስት ቃል፣ ገጹ ሁሉ ሃያ ቃል ቢሞላ ነው። አንድ ዐረፍተ ነገር ለመጨረስ ሦስት ጊዜ መግለጥ አለብህ። የመጨረሻው ገጽ ላይ የነበረው ዐረፍተ ነገርም መሐሉ ላይ ተቆርጧል። እዚያ ላይ ነው ዐይኑ እምቢ ያለው።

ወደ ግርጌው አየሁ፤ ልማድ ነው። ግራ ጥጉ ባዶ ነው። ደቂቃ የለም፣ ፐርሰንት የለም፣ ምንም የለም።

በማግስቱ ጠየቅሁት። “ቁጥር ቢጤ ነበረች” አለ። “ጣቴ ነካትና ጠፋች። ደግሞ አልፈለግኋትም።”

እንዲህ ያለ ሰው በዚያ ግዙፍ ፊደል አንድ ወፍራም መጽሐፍ ለመጨረስ ስንት ሺህ ጊዜ ገጽ እንደገለጠ ለማስላት ሞከርኩና ተውኩት። እሱ ያልቆጠረውን እኔ ለምን እቆጥራለሁ።

ከዚህ በኋላ ነው ሁለቱ ነገሮች በአንድ ላይ የገቡኝ። ለአባቴ ንባብን የመለሰለት የጽሑፉ መፍሰስ ነው። ጽሑፉ እንደ ድንጋይ ቅርጽ ቢረጋ ኖሮ “ይቺ እኮ ትታየኛለች” የሚል አባት አላይም ነበር። ከእኔ ግራና ቀኝን፣ ላይና ታችን፣ የጫማውን አንቀጽ ቦታ የወሰደብኝም ያው መፍሰሱ ነው። አንዱን መርቄ ሌላውን መርገም አልችልም፤ አንድ ነገር ናቸው። ሰዎች “ወረቀት ይሻላል ወይስ ሶፍት ኮፒ?” ብለው ሲከራከሩ ስሰማ አሁን አሁን መልስ ያጥረኛል። ለማን? በምን ዐይን? ብዬ መጠየቅ ያምረኛል።

ደቂቃዋ ግን ሌላ ናት። ፊደል ለማተለቅ ደቂቃ መቁጠር ግድ አይደለም። ያንን ከእኔ ጋር ያኖርኩት እኔ ነኝ።

መሳቢያውን ሳልዘጋ የአባቴን መደርደሪያም አየሁ። የወረቀት መጻሕፍቱ ኅዳግ በእርሳስ ጽሑፉ የተሞላ ነው፤ የተከራከረበት፣ የተስማማበት፣ አንዳንዱ ላይ የእኔ የልጅነት ጭረት ሳይቀር ይገኛል። የእኔ መጻሕፍት እንዲህ ሆነው ለማንም አይደርሱም። የገዛሁ ይመስለኛል እንጂ በአብዛኛው የተሰጠኝ የማንበብ ፈቃድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 አማዞን፣ ለሽያጭ ያቀረባቸው ድርጅት መብቱ ስላልነበረው፣ የደራሲ ጆርጅ ኦርዌልን መጻሕፍት ከገዙ ሰዎች መሣሪያ ላይ ከርቀት አጥፍቷቸው ነበር፤ ገንዘባቸውን መለሰ፣ ኃላፊውም ኋላ በይፋ ይቅርታ ጠየቀ፤ መጽሐፍ ከቤትህ ሳትሰማ ሊወጣ እንደሚችል ግን ታየ። የሰው ወርቅ አያደምቅ። ለዚህ ነው እንዲቀሩልኝ የምፈልጋቸውን በወረቀት ደግሜ መግዛት የጀመርኩት፤ ብዙ አይደሉም።

## አሁን

በመሣሪያዬ ግራ ጥግ ላይ ጣቴን አስቀምጬ ቁጥሯ እስክትጠፋ ነካካሁ። ይህ ከሆነ ስድስት ሳምንት ሆኖታል። ዐይኔ ግን እስካሁን ይወርዳል። ባዶውን አይቶ ይመለሳል። የመጀመሪያዎቹ ቀናት ላይ መንገድ የጠፋብኝ ያህል ይረብሸኝ ነበር፤ ምዕራፉ ድንገት ሲያልቅ እደነግጥ ነበር። አሁን ረገብ ብሏል።

ሌላም ልማድ ከአባቴ ተማርኩ። ማንበብ ከመጀመራችን በፊት መሣሪያውን ሳልከፍት የት እንደነበርን እሱ ይነግረኛል፣ የጎደለውን እኔ እሞላለሁ፤ ወይም እኔ እጀምርና እሱ ያርመኛል። አንዳንዴ ይህ ወሬ ራሱ ግማሽ ሰዓት ይፈጃል። ባለፈው ሳምንት አንድ ማታ ሳናነብ ተኛን።

ትናንት ማታ ታላቅየዋ ደብዳቤውን አውጥታ ልታቃጥለው ምድጃ አጠገብ የቆመችበት ጋ ደረስን። ንባብ የሚቆምበት ቦታ አይደለም፤ እኔም ምን እንደምታደርግ ለማወቅ ቸኩያለሁ። አባቴ እጁን አነሣ።

“ቆይ” አለኝ። “ደብዳቤውን መጀመሪያ ስታነበው ምን ነበር ያለችው?”

“አላስታውስም።”

“እኔም አላስታውስም። መልሰኝ።”

ምዕራፎቹ ወደተዘረዘሩበት ሄድኩ፣ አንዱን ከፈትኩ። ሁለት መስመር እንዳነበብኩ ራሱን ነቀነቀ። “ከዚያም በፊት ነው” አለ። አንድ ምዕራፍ መለስኩት። አሁንም አይደለም። ሦስተኛው ላይ ፖስታው በእጇ ላብ የረጠበበት ቦታ ተገኘ፤ አባቴ ወንበሩ ላይ ተመቻችቶ ዐይኑን ጨፈነ። ከዚያ ጀመርን።